የጥምቀት ማለዳ ተረኛ

ጋዲሴ አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የዘይት ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናት። ጎረቤቴ ስለሆነች በደንብ አውቃታለሁ፤ ሐቀኛ ናት፣ ሐቀኝነቷም አንዳንዴ ያናድዳል። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ ተመርቆ ሥራ ባጣው ልጇ በአዶኒያስ ላይ ነው።

አምና የፋብሪካው ባለቤቶች ስለዚያ ስለሚወራው የኮምፒውተር የቀን ችግር ሪፖርት ጠየቁ። የድሮ ኮምፒውተሮች በፈረንጆቹ 2038 ቀን መቁጠር ያቅታቸውና ወደ 1901 ይመለሳሉ ነው የሚባለው። ጋዲሴ ፋብሪካው ለጥገና በቆመበት ሳምንት፣ እንፋሎት የሚያመነጨውን ቦይለር የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተር ቀኑን ወደፊት ገፍታ ሞከረችው። ግፊት ሲበዛ እሳቱን ማጥፋት የነበረበት ኮምፒውተር ዝም አለ። ቦይለሩ ሥራ ላይ ሆኖ ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ አለቀለት ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ቶሌራ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግር የሚባል ነገር መስማት ብቻ አይወድም።

«2038? ገና 2018 ላይ ሆነን? ሃያ ዓመት እኮ ነው!» ብሎ ሳቀባት።

«በፈረንጅ ነው እንጂ፣ አቶ ቶሌራ። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል።»

«ጥር 11? ጥምቀት ነዋ! ማን ሥራ ይገባል?»

ቦይለሩ ግን በበዓልም አይጠፋም። ኦርቶዶክሶቹ ታቦት ሊያጅቡ ሲወጡ ጴንጤዎቹና ሙስሊሞቹ ፈረቃውን ይሸፍናሉ፤ በአረፋ ደግሞ ኦርቶዶክሶቹ ብድር ይመልሳሉ። ስለዚያ ፋብሪካ የምወደው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ቶሌራም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አዲስ መቆጣጠሪያ የሚገዛበት ዶላር እንደሌለ ነገራትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሪፖርቱ ላይ ዝግጁ ነን ብለሽ ፈርሚ። አዶኒያስን እንቀጥርልሻለን።»

ፈረመች። እኔ አልፈርድባትም፤ የተማረ ልጁ ግድግዳ ሲያይ የሚውልበት ሰው ይፍረድባት። መጋዘን ወይም ቢሮ ያስገቡታል ብላ ነበር ያሰበችው።

ባለፈው ሰኞ እነሱ ቤት ተቀምጬ ሳለ አዶኒያስ አዲስ ቱታውን እንደለበሰ እየሮጠ ገባ።

«እማ፣ ቦይለር ላይ መደቡኝ! የፈረቃ አለቃው ጴንጤ ነኝ ስለው ደስ አለው። ለየዓመቱ የጥምቀት ተረኛ አገኘን አለ።»

ጋዲሴ የወንበሩን ጀርባ ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አንጀቴን በላችኝ።

«ሌላ ሥራ ፈልግ፣ ልጄ። እኔም አብሬህ እፈልጋለሁ።»

«ምን ሆነሻል? አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስቀጠርሽኝ?» ብሎ ሳቀ፤ ግንባሯንም ሳማት። «እኔማ እዚያው ነው ጡረታ የምወጣው።»

እስካሁን አልነገረችውም።