ነፋስ የበላው ግማሽ ቃል

ሰሞኑን እናቴ በደወለች ቁጥር «ገሊ» ትለኛለች። በኦሮምኛ ግቢ፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ ማለቷ ነው። እኔ ግን ቃሉን ስሰማ የወንጪ ሐይቅ ይሸተኛል፤ እርጥብ ገመድና የድንኳን ሸራ።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ለእረፍት ኤሱማዬ ጋ ሄድኩ። ኤሱማ እኛ ጋ የእናት ወንድም ነው። የእኔው ድሮ ምፅዋ ባሕር ኃይል ነበር፤ ኋላ ወንጪ ላይ ሰው በጀልባ ያሻግር ጀመር። የዚያን ዓመት አሮጌ የድንኳን ሸራ ባህር ዛፍ እንጨት ላይ ወጥሮ «ከእንግዲህ አልቀዝፍም!» አለ። ቀዛፊ ጓደኞቹ በሳቅ ሞቱ።

«ኦቦ፣ ድንኳን የጣልከው ሠርግ አለህ እንዴ?»

ተናደደና ተወራረደ። ነፋሱ ከፊት እየነፈሰ ማዶ ቀድሟቸው ካልደረሰ፣ ሸራውን ቀዶ የአህያ ጭነት መሸፈኛ ሊያደርገው። እኔ ደግሞ ያን ሸራ እንዴት እንደወደድኩት! ከኋላ መሪውን መቅዘፊያ የምይዘውም እኔ ነበርኩ።

ተነሳን። ቀዛፊዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ማዶ፣ እኛ ወደ ጎን!

«ኧረ ማዶው እዚያ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ነፋስን በግንባሩ የሚገጥም አውራ በግ ነው» አለኝ። «አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየሄድን እንሸውደዋለን። ገረገሊ ስልሽ መቅዘፊያውን ገፋ አድርገሽ ጎንበስ በይ፤ ሸራው በላይሽ ያልፋል።» ገረገሊ ማለት ዙሪ ነው።

የመጀመሪያውን ጥሩ አድርገን ዞርን። በሁለተኛው ነፋሱ ጮኸ፣ እሱም ጮኸ፤ እኔ የሰማሁት «...ገሊ!» ብቻ ነው። ግቢ ያለኝ መሰለኝ! መቅዘፊያውን እንዳቀፍኩ ጀልባው ውስጥ ድፍት አልኩ። እንጨቱ ፀጉሬን ነክቶ ዥው ብሎ አለፈ፤ አብሮኝ በተገፋው መቅዘፊያ ጀልባው ዞረ፤ ሸራው ድም! ብሎ በሌላኛው በኩል ተነፋ። ቀና ስል እየበረርን ነው! የቀዛፊዎቹ ክንድ ዝሏል። በአንድ ጀልባ ርዝመት ቀደምናቸው።

«መዞር እንዲህ ነው!» ሲል ኤሱማዬ አቀፈኝ። ተሳስቼ እንደዞርኩ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አሁን በሞተር ጀልባ ቀጥ ብሎ መሻገር ነው፤ ቶሎ ያደርሳል፣ ግን ይደብራል። እኔም ዲግሪዬን ይዤ አዲስ አበባ ከቢሮ ቢሮ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ በሩ ሁሉ ፊቴ ላይ ይዘጋል። ትዕግሥት ደግሞ አልፈጠረብኝም። ትናንት እናቴ ደወለች፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«ገሊ» አለች።

«እማ፣ ፊተኛውን አልሰማሁትም።»

«ምን ፊተኛ አለው?» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን «ገረ»ውን ነፋሱ እንደበላው አውቃለሁ።