የምትንጠለጠለዋ የክርስትና እናት

ሽምግልና የሚባል ነገር አልወድም። የተጣላ ሰው ራሱ ይታረቅ ባይ ነኝ። ግን ሳን ሆዜ ውስጥ የሰው ልጅ ስጠብቅና ሳሳድግ ዕድሜዬ ስላለቀ፣ ጉዳዩ ሴትን የሚነካ ሲሆን «ሙሉዬ ትጠራ» ይላሉ። የዚያን እሑድ የደወሉልኝ አቶ ጋሻው ነበሩ። አቶ ጋሻው የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ካበረዱት ነገር ያሞቁት ይበልጣል።

«ጽናትን ልንመክር ኦክላንድ እንሄዳለን» አሉኝ።

«ምን አድርጋ?»

«ቪዲዮውን አላየሽም እንዴ? ግሩፑ ላይ ፖስት ተደርጓል እኮ።»

አይቼዋለሁ። ያላየ የለም። ጽናት እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ኒውአርክ ውስጥ አንድ ባዶ መጋዘን ጣሪያ ላይ በታሰረ ገመድ ተንጠልጥላ፣ እግሯ ከመሬት ተነቅሎ፣ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ገመዱ የተያያዘው ከቀበቶ ጋር አይደለም። በጀርባዋ ቆዳ ውስጥ ካለፉ መንጠቆዎች ጋር ነው። እሷ ደግሞ ትስቃለች። ግሩፑ ውስጥ አንዱ «ሰውም ሉካንዳ ገባ» ብሎ ጻፈ፤ ሌሎቹ የጸበል ቦታ ስም ይለዋወጡ ጀመር።

ጽናትን እኔ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። በዘጠኝ ዓመቷ ከአባቷ ጋር መጥታ ኦክላንድ ያደገች፣ ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድማ ደርሳ ወንበር የምትዘረጋ፣ ቀጠሮ የማታዛንፍ ልጅ ናት። ፓሎ አልቶ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ጥገና ዕቃ ታጥቦ ከጀርም በሚጸዳበት ክፍል ትሠራለች። መንጠቆው የቅዳሜ ነገሯ ነው። አንዳንዱ ቅዳሜ ዓሣ ያጠምዳል፣ አንዳንዱ ኳስ ያያል፤ እሷ ትንጠለጠላለች። ባል የላትም፤ ቢኖራትም የሚከለክላት አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ማንንም ባልመለከተ ነበር፤ ግን የክርስትና ጉዳይ መጣ። የልጅነት ጓደኛዋ ቢሌን ሴት ልጅ ወልዳለች። ሆዷ ገና ሳይታይ ጀምራ «የክርስትና እናቷ ጽናት ናት» ስትል ነበር፤ ምጧንም እጇን ይዛ ያሳለፈቻት ጽናት ናት። ሰማንያው ቀን ሊሞላ ሲቃረብ ነው ቪዲዮው የወጣው። የቢሌን አባት አቦይ ነጋሲ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ናቸው። «በመንጠቆ የምትሰቀል ሴት ሰይጣንን ክጃለሁ ስትል ማን ያምናታል? እሷ ካቀፈቻት እኔ ቤተ ክርስቲያኑን አልረግጥም» አሉ። ቢሌን ደግሞ ከጽናት ሌላ ማንንም አልፈልግም አለች። ጽናት መንጠቆውን ተውኩ ብላ ካልማለች፣ ወይ ልጅቷን ታጣለች፣ ወይ ቢሌን በልጇ ክርስትና ቀን አባቷን ታጣለች።

በወጉ ከሳሽ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይሄድም። አቦይ ነጋሲ ግን እኔ ራሴ ልስማ ብለው ከቅዳሴ እንደወጡ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ አቶ ጋሻው መኪና ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ሆኜ ነገሩ በአንድ «እሺ» እንደሚያልቅ እያሰብኩ ነበር። ያገራችን ሰው ለሽማግሌ ከአንገት በላይ እሺ ይልና በማግስቱ የፈለገውን ያደርጋል። ሽማግሌውም ይህን ያውቃል፤ ሁሉም ተከባብሮ ይኖራል።

ጽናት በሩን ከፍታ ጎንበስ ብላ ሳመችን። ሶፋው ተነጥፏል፣ የማንጎ ጭማቂ ተቀድቷል።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ጋሻው። «የመጣንበትን እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

የሽማግሌ ጉልበቱ ይኸው ነው። ቆሞ የሚለምን ትልቅ ሰው ፊት የትኛው ልጅ ይጸናል? አቶ ጋሻው ዱላቸውን መሬት ተክለው ጀመሩ። ምን ጎደለሽ አሏት። ብቸኝነት ነው? መንፈስ ነው? ድብርት ከሆነ ዶክተር አለ፣ ሌላ ከሆነም ጸበል አለ።

«ምንም አልጎደለኝም፣ ጋሼ። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ለሽማግሌ ከዚህ የከፋ መልስ የለም። ለበሽታ መድኃኒት ይገኛል፤ ደስ ለሚለው ሰው ምን ይታዘዝለታል?

«አያምሽም?» አልኳት፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴ ማወቅ ፈልጌ ነው።

«ሲወጋ በጣም ያማል፣ እትዬ ሙሉ። ከዚያ እግሬ መሬት ሲለቅ ሪላክስ አደርጋለሁ። መላ ሰውነቴ የኔ እንደሆነ የማውቀው ያኔ ነው።»

«ሰውነትሽ የእግዚአብሔር ነው» አሉ አቦይ ነጋሲ። «የሰጠሽን ቆዳ መብሳት ምን የሚሉት ነው?»

እዚህ ላይ አፌን ገጠም አደረግሁ። ድዴ ከልጅነቴ ጀምሮ የተነቀሰ ነውና ለመሳቅም ለመናገርም አልተመቸኝም።

ብርጭቆ ላምጣ ብዬ ወደ ወጥ ቤቷ ጠራኋት። «እሺ በያቸውና ይገላገሉ» አልኳት በሹክሹክታ። «ማን ቆሞ ይጠብቅሻል?»

«የፊታችን ቅዳሜ እንጠለጠላለሁ እኮ፣ እትዬ ሙሉ። አሁን ከዋሸሁ፣ ካህኑ ፊት ሰይጣንን ክጃለሁ የምለው በየትኛው አፌ ነው?»

ተናደድኩ። የተናደድኩት ትክክል ስለሆነች ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብያት ተመለስኩ።

ተመልሳም እጇን አጣጥፋ ፊታቸው ቆመች። «እናንተ ካልተቀመጣችሁ እኔም አልቀመጥም» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ድፍረትም ልመናም የለም። እንዲህ ሆነን ቆምን። አቶ ጋሻው ከዳዊት ጠቀሱ፣ የአባቷን ስም አነሱ፣ ጭማቂው ሞቀ። የእኔ ቁርጭምጭሚት ማበጥ ጀመረ። ያቺ ልጅ በመንጠቆ ተሰቅላ የምትስቅ ናት፤ ቆሞ በመጠበቅ ልናሸንፋት የመጣን እኛ ምን ነካን ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። ጽናት አቶ ጋሻውን መስማት አቁማለች። ዓይኗን አቦይ ነጋሲ ላይ ተክላ አትነቅልም።

«ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ አይፈጠጥም» አሏት አቶ ጋሻው። «ዓይንሽን በጨው ታጠብሽ እንዴ?»

ጽናት ሁለት እርምጃ ተራምዳ የአቦይ ነጋሲ ብብት ሥር ገባች። አቦይ የተዝለፈለፉት እጇ ላይ ነው። ጭንቅላታቸው ወለል ሳይነካ አስተኛቻቸው፣ እግራቸውን አንስታ ሶፋው ላይ አደረገች፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈታች። «አቦይ፣ ያናግሩኝ። አቦይ፣ ድምፄን ይሰማሉ?» አቶ ጋሻው 911 ለመደወል ኪሳቸውን ሁሉ ሲበረብሩ ስልኩ በእጃቸው ነበር።

አቦይ ነጋሲ ዓይናቸውን ገለጡ። አምላክን አመሰገንኩ፤ እንባዬም መጣ። ጽናት በደንብ እስኪነቁ ጠብቃ፣ ቀና አድርጋ ደግፋ፣ ጭማቂውን ትንሽ ትንሽ አጠጣቻቸው።

«እንደምወድቅ በምን አወቅሽ?» አሉ ቆይተው።

«ከንፈርዎ ነጣ። ላብዎም ወጣ፣ ቤቱ ግን አይሞቅም። እኛ ጋ አንድ ሰው ሲንጠለጠል ሌላ ሰው ፊቱን ብቻ ያያል፣ አቦይ። ገመድ አይነካም፣ ወሬ አያወራም፣ ፊት ነው የሚያየው። የተንጠለጠለው ደከመኝ ሳይል ያወርደዋል። ተራዬ ካልሆነ ሥራዬ እሱ ነው።»

«ተራሽ ሲሆንስ? አንቺን የሚያይሽ አለ?»

«አለ። ሳይኖር አልንጠለጠልም።»

አቦይ ነጋሲ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔና አቶ ጋሻው ያን ሁሉ ጊዜ ክንዳቸው ሥር ቆመን ምንም አላየንም፤ ነገሩ ከነከነኝ።

አቶ ጋሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እግዚአብሔር አትርፎናል፤ የመጣንበትን ደግሞ እንጨርስ። ጽናት፣ እሺ በይን።»

«ጋሻው፣ ቁጭ በል» አሉ አቦይ ነጋሲ ከወለሉ ላይ።

አቶ ጋሻው ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ፤ እግሬ ከዚያ በላይ አይችልም ነበር። ጽናት ምሳ አቀረበች፣ በላን፣ ስለ መንጠቆ ያነሳ የለም። ስንወጣ አቦይን ነገውኑ ሐኪም እንዲያዩ አስማለቻቸው። ከዚያ ቤት መሐላ ይዞ የወጣ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለ ክርስትናው ግን አቦይ ነጋሲ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ቢሌን ብትደውልላቸው «እናያለን» ብቻ አሏት። ቅዳሜ ጽናት እንዳለችው ኒውአርክ ሄዳ ተንጠለጠለች፤ አልደበቀችም፤ ግሩፑም ሰማ።

የክርስትናው ማለዳ ቢሌን ልጇን አቅፋ በር በሩን ታያለች። ጽናት ነጭ ለብሳ አጠገቧ ቆማለች፤ ያን ቀን ብቻ እጆቿ ማረፊያ አጥተው የነጠላዋን ጫፍ ሲያፍተለትሉ አየኋቸው። አቦይ ነጋሲ የክርስትናው ጸሎት ተጋምሶ ገቡ። ቀጥ ብለው መጥተው ሕፃኗን ከቢሌን እጅ ተቀበሉ፤ ቢሌን መልሰው ይዘዋት የሚሄዱ መስሏት ፊቷ ተለወጠ። ካህኑ «የክርስትና እናት» ብለው ተጣሩ። አቦይ ነጋሲ ወደ ጽናት ዞሩ።

«ጀርባሽ ድኗል?» አሏት፣ ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ አቦይ።»

«እንግዲያው ክንድሽን አመቻቺ» አሉና ልጅቷን አስታቀፏት።