እትዬ እንኳን እና የጠፉት ኳዎች

ሰፈሩ «እትዬ እንኳን» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው፤ ከእጅ ማተሚያቸው የሚወጣው ካርድ ሁሉ በዚያች ቃል ይጀምራልና። ለተመረቀ «እንኳን ደስ አለህ»፣ ለወለደች «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ»፣ ቤት ለሠራ «እንኳን ለዚህ በቃህ»። ቀልደኞች በበራቸው ሲያልፉ «እትዬ፣ እንኳን ደህና አደሩ!» እያሉ ይተነኩሷቸዋል።

የሰውን ደስታ እያተሙ ይኑሩ እንጂ ሰውን የማመን ልማድ አልነበራቸውም። ቀለም ሻጩ ፈገግ ካለ ጣሳውን ከፍተው ያሸታሉ፤ ጎረቤት ሰላምታ ካበዛ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ይላሉ።

ማተሚያ ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። በመስኮቱ በኩል፣ ምራታቸው ከጨርቅ ቁርጥራጭና ከአሮጌ ወረቀት ዘፍዝፋ የምትሠራው ወፍራም ወረቀት በገመድ ላይ ይደርቃል፤ የደረቀ የአበባ ቅጠልም እዚህም እዚያም ተጣብቆበታል። በጨለማው ጥግ ማተሚያው ቆሟል፤ ከጎኑ የእርሳስ ፊደላት መሳቢያ አለ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ክፍል ተበጅቶለታል። ካርዱ ከታተመ በኋላ ፊደላቱን አጥቦ ወደየክፍላቸው መመለስ የእትዬ እንኳን ብቻ ሥራ ነበር። ተገልብጦ የተቀረጸ ፊደል ማንበብን ከሟች ባለቤታቸው ተምረዋል፤ ማንንም አያስነኩም።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ ኳ መጥፋት ጀመረ።

ኳ ከሌለ «እንኳን» የለም፤ «እንኳን» ከሌለ ቤቱ መዘጋቱ ነው። እነዚያን ፊደላት የሠራው ባለሙያ ሞቷል፤ ገበያ ወጥተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ቀድሞ በአንድ ወረቀት ላይ ብዙ ካርድ ደርድረው ያትሙ የነበሩት ሴት አንድ አንድ እያሉ ማተም ያዙ፤ ደንበኛም «አልደረሰም?» እያለ ይመላለስ ጀመር።

«አይጥ እርሳስ አትበላ!» አሉ ለጎረቤታቸው ለጠራዡ። እኩያቸው ነው፤ ከመጽሐፉ እኩል ወሬም ይጠርዛል።

«ባለ ሁለት እግር አይጥ ከሆነችስ? የምራትሽ ወንድም ከፌርማታው ማዶ የካርድ ሱቅ መክፈቱን አልሰማሽም? አሮጌ የእጅ ማተሚያም ገዝቷል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ!»

«ሰው ማለት አንተ ነህ?»

«ተይው በቃ፤ እኔ ምን አገባኝ!» ብሎ ወደ ሙጫው ዞረ።

ነገሩ ግን ከእትዬ እንኳን ሆድ ገባ። ልጃቸው የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ሚስቱን ለእናቱ ትቶ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ምራቲቱ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። እስከዚያ ቀን ጨዋነት ይሉት የነበረው ዝምታዋ ከዚያ ወዲያ ተንኮል ሆኖ ታያቸው።

አንድ ጠዋት ካርድ ለማድረስ ከወጡ በኋላ ጃንጥላቸውን ረስተው ተመለሱ። ምራታቸው ከመሳቢያው ፊት ቆማለች፤ እጇን ጨብጣለች።

«ምን ይዘሻል?»

«ምንም፣ እትዬ።»

«ክፈቺው!»

ከፈተችው። መዳፏ ላይ ኳዎች ተኝተዋል።

«ወለሉ ላይ ወድቀው አግኝቼ... ልመልሳቸው ብዬ ነው።»

እትዬ እንኳን አንዱን አንሥተው በጣታቸው አሹት። ወለሉ የወረቀት ብናኝ እንደ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ ፊደሉ ግን ንጹሕ ነበር። ዋሸችኝ፣ አሉ በልባቸው። ደግሞም እውነታቸውን ነበር፤ ዋሽታለች።

በማግስቱ መሳቢያው ጓጉንቸር ተበጀለት፤ ቁልፉ ከደረታቸው ገባ። ኳ ግን መጥፋቱን አላቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። እሳቸው «ቁልፍ አስቀርጻለች» አሉና ሻርፕ ተከናንበው ወደ ወንድሟ ሱቅ ሄዱ። ገና ከበሩ ሳይገቡ ወንድምየው ከመቀመጫው ተነሣ።

«እትዬ! ምነው ተከናንበው?»

«በርዶኝ ነው» አሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለበጡ። ሁሉም የኮምፒውተር ሥራ ናቸው፤ ጀርባቸው ልሙጥ ነው፤ የእርሳስ ፊደል ተጭኖ የሚተወው ስርጉድ የለባቸውም።

«የእጅ ማተሚያ ገዝተሃል ሲሉ ሰማሁ።»

«እኔ? ኧረ የዚህን ኮምፒውተር ዕዳም አልጨረስኩ!»

ደብቆታል፣ ብለው ወጡ። ቤት እንደ ደረሱም ሻርፑን ሳያወልቁ «ልጄ እስኪመጣ ወንድምሽ ዘንድ ብትሰነብቺ ይሻላል» አሏት። ምራታቸው ለምን ብላ አልጠየቀችም። እጇን አደራርቃ ልብሷን ለመሰብሰብ ወደ ውስጥ ገባች። ንጹሕ ሰው ለምን አይልም? ይህም ዝምታዋ በመዝገባቸው ገባባት።

ይህ እንደ ሆነ ወዲያው አንዲት ነርስ ካርድ ልታዝ መጣች። የጠፋች ጓደኛዋን አግኝታለች፤ «ከብዙ ዓመት በኋላ ስላገኘሁሽ ደስ ብሎኛል» ተብሎ እንዲጻፍላት ፈለገች። እትዬ እንኳን «ኋ» የሚለውን ፊደል መቼ እንደ ለቀሙ ትዝ አላላቸውም፤ የመልካም ምኞት ካርድ ከኋላ ጋር ጉዳይ የለውም። ዲቃላ የሚባሉት ፊደላት ከመሳቢያው ጠርዝ በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፤ ኋ ከኳ ጎን ነው። እጃቸው ባወቀው ለቅመው ደረደሩ፤ ለሙከራ አንድ አትመው ሰጧት።

ነርሷ አንብባ በሳቅ ፈነዳች። «እትዬ፣ ‹ከብዙ ዓመት በኳላ› ይላል እኮ!»

ካርዱን ነጥቀው ወደ መስኮቱ ወሰዱት፤ አራቁት፣ አቀረቡት። በኳላ። «ነገ ተመለሺ» ብለው ነርሷን ሸኟት። ከዚያም የኋን ክፍል ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ኳ፣ ኳ፣ አሁንም ኳ። ጥቂት ኋዎች በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ መሃል ላይ ተሸማቅቀዋል።

ፊደል ወደ መሳቢያው የሚመልስ ከእሳቸው በቀር ሌላ እጅ አልነበረም። ኳን እየያዙ ከጎረቤቱ ክፍል ይጥሉት የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው አልለይ ብሏል። ከጓጉንቸሩ ወዲህ የባሰው ደግሞ... እዚህ ሲደርሱ ያቺ የተጨበጠች እጅ ትዝ አለቻቸው።

ምራቲቱ ሻንጣዋን ይዛ ብቅ አለች።

«ያን ቀን ከየትኛው ክፍል ነበር ያወጣሻቸው?»

ጠረጴዛውን አየች። «ከኋ።»

«ያን ቀን ብቻ?»

«ካርድ ሊያደርሱ በወጡ ቁጥር እመልሳቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ? ምን አስበሽ ነው?»

«ዓይንዎ ደክሟል ብልዎ ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር፣ እትዬ? መሳቢያውን ልትወርሰኝ ነው አይሉም?»

ይሉ ነበር። እዚያው ቆመውም ግማሽ ልባቸው እያለ ነው። ዝም ቢሉ ግን ሻንጣው መውጣቱ ነው፤ ልጃቸው ሲመለስ የሚሉትም የላቸውም።

«በይ አስቀምጪው» አሉ በመጨረሻ። «ነይ፣ እነዚህን ለይተሽ መልሺ። ከዛሬ ጀምሮ የመመለሱ ሥራ ያንቺ ነው። እኔ እዚህ ተቀምጬ አይሻለሁ።»

«አላዩምና ነው እኮ እዚህ የደረስነው።»

ይህች ልጅ ምላስ ነበራት ለካ፣ አሉ እትዬ እንኳን በልባቸው።

«የምቆይ ከሆነ» አለች ምራቲቱ፣ ሻንጣውን ገና ከእጇ ሳትለቅ፣ «እንደ ሌባ እየተጠበቅሁ አልሠራም። ወንበርዎን ወደ መስኮቱ ያዙሩልኝ።»

እትዬ እንኳን ወንበሩን እየጎተቱ ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ ጀርባቸውን ለመሳቢያው ሰጥተው ተቀመጡ። ከኋላቸው እርሳስ ከእንጨት ሲገናኝ ጠቅ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ጠቅ ይላል። ዝምታው ትንሽ በረዘመ ቁጥር አንገታቸው ሊዞር ይቃጣዋል። ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው መንገዱን ማየት ቀጠሉ።