አሥራ ሁለት ቁራሽ

ጂቱ የጆንያውን አፍ በግራ እጇ ሰብስባ ያዘችና በቀኟ ረጅሙን መርፌ ከነሲባጎው ሰካችው። ዘጠኝ ጊዜ ትወጋለች፤ ዘጠነኛው ላይ ጠበቅ አድርጋ ትቋጥራለች። አሥር ከሆነ ሲባጎ ማባከን ነው፤ ስምንት ከሆነ ሽንኩርቱ ሞጆ ሳይደርስ ይፈሳል። ይህን ማንም አላስተማራትም። መቂ ውስጥ ከደላላው መጋዘን ደጃፍ ተቀምጣ የሽንኩርት ጆንያ መስፋት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ የሚቆጥረው እጇ ራሱ ነው።

አጠገቧ የምትሰፋው ፋኢዛ ቀና ብላ አየቻትና ሳቀች።

«አዴ ጂቱ፣ ዛሬ ምን ነካዎት? ይኼን ጆንያ አሥራ አራት ወጉት እኮ! ሽንኩርቱ ተፈርዶበት ነው?»

ጂቱ አየችው። እውነትም አሥራ አራት ነው። አፍራ መፍታት ጀመረች።

«ነገ ሥላሴ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ደስታ አይደል? የእኔን ዳቦ እንዳይረሱ።»

«አልረሳም። የመጨረሻው ስለሆነ ተለቅ አድርጌ አመጣልሻለሁ።»

ፋኢዛ መርፌዋን ጭኗ ላይ አኖረች። «የምን መጨረሻ?»

ጂቱ የፈታችውን ሲባጎ እንደገና መሳብ ጀመረች። ብትናገር እንባዋ እንደሚቀድማት ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጂቱ የክርስትና ስሟ ወለተሥላሴ ነው። የሥላሴ ማኅበር ጽዋ መጠጣት ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። አባላቱ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ወር በገባ በሰባተኛው ቀን ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ከዚያ ጽዋው ለተከታዩ ተረኛ ይሰጣል። እንዲህ እየዞረ በዓመቱ ሁሉንም ቤት ያዳርሳል። ጽዋው ትንሽ የሸክላ ዕቃ ነው። ከአንገቱ በኩል ሸረፍ ብሏል፤ ቀይ ሐር ለብሷል፤ የሐሩ ጠርዝ ሲያልቅ ደግማ የሰፋችው ጂቱ ናት።

ማኅበር የገባችው ባሏ ደገፋ በሞተ በዓመቱ፣ አንድ አባል ሲለቅ በቦታው ተተክታ ነው። ያኔ ከአዳሚ ቱሉ ገጠር የመጣች፣ አማርኛዋ የሚያዝ፣ ዘመድ የሌላት ሴት ነበረች። በደገፋ ለቅሶ የዚያን ጊዜዎቹ አሥራ ሁለቱም ማኅበርተኞች መጡ። ስሟን እንኳ ሳያውቁ ውኃ ቀዱላት፣ እንጨት ፈለጡላት፣ ሦስት ቀን ቤቷ አደሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት በተሰበከ ቁጥር የሚታያት ደጃፏ ላይ ተደርድሮ ያየችው ጫማ ነው፤ ጭቃ የነካው ሃያ አራት እግር ጫማ።

አሁን ግን ጊዜው ከፋ። ሁለቱ ሞቱ። የመንገድ እገታ ወሬ ሲበዛ፣ መንገድ የወጣ ሰው በሰላም መመለሱ ሲያጠራጥር፣ ሰባቱ እየተከታተሉ ቤታቸውን ዘግተው አዳማ ገቡ። ሦስት ቀሩ፤ የማኅበሩ ሙሴ ሆነው የሚመሩት ጋሽ ዲበኩሉ፣ ማስተዋል እና ጂቱ። ማስተዋልም ገና እንዳለፈ ልጇ ዘንድ አዳማ ልትሄድ ዕቃ አስራለች።

ባለፈው ወር ጽዋው ማስተዋል ቤት በዋለ ጊዜ ጋሽ ዲበኩሉ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«በሁለት ሰው ማኅበር አይቆምም። ታኅሣሥ ሰባትን ጂቱ ታውጣና፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ጽዋውን ለቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ክፍል ታስረክብ። በክብር ይቀመጥ። ምን ትላላችሁ?»

ማስተዋል አለቀሰች። ጂቱ ወለሉን አየች።

«ጂቱ ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ነው» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ እንደ ልማዳቸው እየቀለዱ። ወረቀት ተጻፈ፤ ሦስቱም ፈረሙ።

ጂቱ ግን አልተስማማችም። ወር ሙሉ ጽዋውን ባየች ቁጥር የሐሩን ጠርዝ በጣቷ ትዳስሳለች። ‹እኔ ቤት ገብቶ ሊቀር ነው› ትላለች። ‹ያን ሁሉ ሰው ያመጣልኝ ጽዋ በእኔ እጅ ሊዘጋ ነው። ለምን ዝም አልኩ?›

ሐሙስ ታኅሣሥ ሰባት ሆነ። ቄሱ ብዙ ማኅበር ስላለባቸው ጸሎት አድርሰው ቶሎ ሄዱ። ጂቱ በኮባ ቅጠል ያበሰለችውን ድፎ ዳቦ አቀረበች። ጋሽ ዲበኩሉ ቢላውን ይዘው ተነሡ፤ አማትበው መቁረስ ጀመሩ። ከመሐል አንድ፣ እንደገና አንድ፣ ዞር እያደረጉ። ማስተዋል ድንገት አፏን ያዘች።

ዳቦው አሥራ ሁለት ቦታ ተቆርሷል።

ሽማግሌው ቢላውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። «እጄ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሠላሳ ዓመት አሥራ ሁለት ቆርሶ… እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«እጅዎ ወረቀቱን አላነበበማ!» አለች ማስተዋል፣ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች። ሦስቱም ሳቁ።

የማኅበር ሕግ የታወቀ ነው። ተባርኮ የተቆረሰ አይመለስም፤ የቀረ ሰው ድርሻው ቤቱ ድረስ ይላክለታል፤ የሚልከውም ባለ ተራው ነው። የሁለቱን ሙታን ድርሻ ማስተዋል ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን ወሰደች። ሦስቱን በሉ። ሰባት ቁራሽ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«በቃ ለጎረቤት ስጪው» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ ሲወጡ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ሰፌዱ አላዞሩም።

ጂቱ ከሰፌዱ ፊት ቁጭ ብላ ብዙ አሰበች። ደፋር ሴት አይደለችም። ሰው ፊት መናገር ሲያቅታት ኖሯል። መስፋት ግን ትችላለች። ቁራሾቹን አንድ በአንድ በኮባ ጠቀለለች፤ ንጹሕ የዱቄት ከረጢት ውስጥ ደረደረቻቸው። በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል የሰባቱን ስም ወረቀት ላይ ጽፋ ጨመረች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ለፋኢዛ ቃል የገባችውን ከራሷ ድርሻ ሳትበላ ካስተረፈችው ከፍላ አስቀመጠች። ከዚያ መርፌዋን አነሣች። ዘጠኝ ወጋች፤ ቋጠረች። ‹ሥላሴ› አለች በልቧ፣ ‹የእኔ ሥራ እስከዚህ ነው።›

ዓርብ ጠዋት የፋኢዛ ወንድም ኢሊያስ አዳማ የሚሄድ ሽንኩርት ጭኖ ሞተሩን አስነሥቷል። ጂቱ ከረጢቱን አቅፋ ቀረበች።

«ይኼን አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር፣ ለማኅበርተኛዬ ለልዩ ታደርስልኛለህ? ስልኳ እዚህ አለ።»

«የማኅበር ዳቦ ነው? ጋቢና ከፊቴ አስቀምጠዋለሁ፤ ለመንገዱም በረከት ይሆነኛል» አለ ኢሊያስ።

«መንገዱ ግን…»

«አዴ ጂቱ፣ መንገዱን ለአላህ ትተን አይደል በየቀኑ የምንወጣው?»

«ገላቶሚ ልጄ» ብላ አመሰገነችው። መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ መርፌ አልያዘችም። ቅዳሜ ሲመለስ ‹አድርሻለሁ› አላት፤ ከልዩ ግን ድምፅ የለም። ጂቱ ያን ማታ ሽሮ እንኳ ሳትሠራ ተኛች።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ስልኳ ጮኸ።

«ጂቱዬ! ምን አደረግሽን?» የልዩ ድምፅ ነው፤ ከኋላዋ ብዙ ሰው ይንጫጫል። «ዳቦው ባንድ ከረጢት መጣ፤ ስማችን ባንድ ወረቀት ላይ! ለየቤቱ ላድርስ ብል ማን የት እንደተከራየ አላውቅም። አንድ ከተማ ውስጥ ዓመት ሙሉ ተደባብቀን! በአንዲት ክፍል ቤት ሰው መጥራት አፍረን። ሁለት ቀን ስፈላልጋቸው ቆይቼ ይኸው ሰባታችንም እኔ ቤት ነን። አልጋው ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጧል። ዳቦው ደርቋል፤ በሻይ እየነከርን በላነው።»

ጂቱ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ስሚ» አለች ልዩ፣ «ካንቺ ቀጥሎ ተራው የእኔ አልነበር? ጽዋው መቼ ነው የሚመጣው?»

ሰኞ ከቀትር በኋላ ጋሽ ዲበኩሉ በትራቸውን እየተመረኮዙ ወደ መጋዘኑ ደጃፍ መጡ።

«ጂቱ፣ አስረከብሽ?»

መርፌዋን ሳታቆም «አላስረከብኩም» አለች።

ፋኢዛ ቀና አለች። ጂቱ ለሽማግሌ እንዲህ ስትመልስ ሰምታ አታውቅም።

«ለምን?»

«ተራው የልዩ ነው፣ ጋሼ። እዚያ ሰባት ሆነዋል፤ ማስተዋል ስትጨመር ስምንት። እኔና እርስዎ ስንሄድ አሥር።»

«እኔ? በዚህ መንገድ? በዚህ ዕድሜዬ?»

ጂቱ ወደ ኢሊያስ የጭነት መኪና በአገጯ አመለከተች። «ሽንኩርቱ እየሄደ አይደል?»

ጋሽ ዲበኩሉ ወደ መኪናው ትኩር ብለው ተመለከቱ። በትራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ ጠቆም ጠቆም አደረጉ። «ጋቢናው ስንት ሰው ይይዛል?» አሉ ፋኢዛን።

ንብረት ክፍሉ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ጽዋው ከነሐሩ፣ ሦስቱ የፈረሙበት ወረቀትም ከሥሩ እንደታጠፈ፣ ጂቱ ቤት ሚስማር ላይ በተንጠለጠለው ዘንቢል ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እሷ ገና አራት ጆንያ ይቀሯት ነበር፤ በእጇ ባለው ላይ ሰባተኛውን ወጋች፣ ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛው ላይ ቋጠረች።