ወንበሩን ተሸክሞ የተነሳው አጎቴ

አጎቴ ባረፈ ጊዜ ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ሲፈጥረው ኮሜዲያን ነበር» ይል ነበር። አልነበረም። ትወና ጨርሶ አይችልም ነበር።

በንጉሡ ዘመን ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ለቴሌቪዥን የሚሆን የቤተሰብ ኮሜዲ ጎንደር ላይ ሲቀርጹ፣ በራሱ ሳሎን አባትየውን እንዲጫወት አጎቴን መረጡት። እሱም ደስ ብሎት እስከ ኮሶዬ ላለ ዘመድ ሁሉ አወራ። በድራማው ሴት ልጁን አስኮብልሎ ያገባው አማች ይቅርታ ሊጠይቅ ሲገባ፣ አባትየው ተቀምጦ ፊቱን ማዞር ነበረበት። አጎቴ ግን አማቹ በሩን ባለፈ ቁጥር «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል።

«ጋሼ፣ ተቆጥተዋል እኮ!» አለው አዘጋጁ።

«ተቆጥቻለሁ። ግን ሰው ገባ።»

በአምስተኛው ጊዜ አዘጋጁ፣ አሁንም ከተነሳ በሌላ ሰው እንደሚተካው ነገረው። አጎቴ ደንግጦ፣ ጥግ ላይ ቆሜ ቀረጻውን ወደማየው ወደ እኔ ዞረ።

«ምነው ዝም ብለህ ታየኛለህ? በጋቢዬ ከወንበሩ ጋር እሰረኝ እንጂ!»

አሰርኩት። አማቹ ገባ። አጎቴ ወንበሩን በጀርባው እንደተሸከመ ተነስቶ «ኖር!» አለ። ቀራጮቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ትዕይንቱም እንዳለ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ሰው እስከ ዛሬ የሚያደንቅለት ችሎታ ይኸው ነው።

ባለፈው እሑድ ቤቱ ሄጄ ነበር። የልጅ ልጆቹ ሳሎኑን ሞልተውታል፤ ያ ወንበር ብቻ ባዶ ነው። «ግባ» አሉኝ፣ ከተቀመጡበት። ወደዚያ ቤት ማንም ሳይነሳልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁት ያን ቀን ነው።

እናንተም ችሎታውን ማድነቁን ተዉትና፣ ሰው ሲገባ ከወንበራችሁ ተነሱ።