የእመት አህያ የጎን ፊት

ፍኖተ ሰላም ላይ አህያን ቀሚስ አልብሶ፣ ጅብን ከረባት አሳስሮ፣ እንደ ሰው እያነጋገረ በወረቀት አባዝቶ የሸጠ ከእኔ በፊት አልነበረም። ነበር የሚል ካለ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። እኔ የእኔን አሳየዋለሁ፤ አንዱንም አልጣልኩም።

ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም። ዳዊት ደግሜ ከቄስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ በራሴ ነው ያወቅሁት። ደርግ ወድቆ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን በፈላበት ጊዜ፣ "ሌላው የፈለገውን ካተመ እኔን ማን ይከለክለኛል?" አልኩና ጀመርኩ። ሉክ ወረቀት ለአራት አጥፌ፣ በየገጹ ሥዕል እሠራለሁ፤ ንግግሩን ከእንስሶቹ ራስ በላይ በክብ አስገባለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አባዛና ጀርባውን ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘ ክር እሰፋዋለሁ። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው ላይ፣ ቡሬ ደግሞ በገበያ ቀን እየዞርኩ እሸጣለሁ።

ዋናዋ ባለታሪክ እመት አህያ ነበረች፤ ጋሪ የምትነዳ፣ ማንንም የማትፈራ ሴት። ጠላቷ በሚዛን የሚያጭበረብር የእህል ነጋዴ ጅብ ነው። አንዳንድ መምህራን ሳቁብኝ። "ትልቅ ሰው ሆኖ የልጅ ጨዋታ ይዞ ይዞራል" አሉ። ይሳቁ። ጋሪ ነጂዎች ግን መንገድ ላይ እያስቆሙ "አዲሱ መቼ ይወጣል?" ይሉኝ ጀመር። ቡሬ ውስጥ አንዲት ጠላ ሻጭ ገጾቹን ፈትታ በጠላ ቤቷ ግድግዳ ላይ በተራ ትለጥፍና ማንበብ ለማይችለው ደንበኛ ጮክ ብላ ታነብለታለች። ገበያተኛው ጣሳውን እንደያዘ ከሥዕል ወደ ሥዕል ይሄዳል። አይቶ የወደደው ይገዛኛል። የቡሬ አንባቢዎቼ የተወለዱት በዚያ ግድግዳ ሥር ነው ማለት እችላለሁ።

እስከዚያ ድረስ እንስሶቼ ሁሉ ፊት ለፊት ነበር የሚያዩት። እመት አህያ ጋሪ ስትነዳም ስትሮጥም ፊቷ ፎቶ ሊያነሷት እንደቆመች ሰው ነው። ይህ ከነከነኝ። አንድ ክረምት ሙሉ ጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ዣንጥላ ይዤ ፈረስና አህያ ከጎን ስስል ከረምኩ። መስከረም ሲጠባ እጄ እሺ አለኝ።

ወዲያው አዲስ እትም አወጣሁ። ጅቡ ከአንዲት ባልቴት ዶሮ በሐሰት ሚዛን የወሰደውን በቆሎ፣ እመት አህያ ጋሪዋ ላይ ጭና ስታስመልጥላት ያሳያል። ከጎን ሣልኳት፤ ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኝቶ፣ አፍንጫዋ ተነፍቶ፣ አንድ ዓይኗ መንገዱ ላይ። ጅቡ በሩ ላይ ቆሞ ፊት ለፊት እያየ ይጮኻል። ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ሥዕል ነው፤ ዛሬም እንዲሁ እላለሁ።

ቡሬ ላይ ሸጬው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ስመለስ ግን የጠላ ቤቱ ሰው ፊቱን አዞረብኝ።

"ጋሼ፣ ምነው እንዲህ አደረጉን?" አለች ጠላ ሻጯ።

"ምን አደረግኋችሁ?"

"እመት አህያን ሌባ አደረጓት።"

"የባልቴቷን እህል አስመለሰች እንጂ መች ሰረቀች? ጽሑፉን አላነበብሽም?"

"አንብቤያለሁ። ሥዕሉ ሌላ ይላል።"

አንድ ጋሪ ነጂ ጣሳውን አስቀምጦ ተነሣ። "ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባለ አንድ ዓይኑ ማነው? ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው። ጻድቁ ሁለት ዓይን አለው። እርስዎ ጅቡን ጻድቅ፣ የእኛን እመት ሰይጣን አድርገው ቁጭ!"

ሕጉ ጠፍቶኝ አይደለም። ክፉው ከጎን፣ ደጉ ፊት ለፊት የተሣለበትን ግድግዳ እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን እኔ የሣልኩት ጋሪ የምትነዳ አህያ ነው፣ ቤተ መቅደስ አይደለም። ይህን ልመልስለት ቀና ስል ግድግዳውን አየሁ። እመት አህያ ጉንጯ ላይ በእስክሪብቶ ሁለተኛ ዓይን ተሠርቶላታል፤ የሎሚ ያህል ዓይን!

"ሥዕሌን ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ" አለች ሴትዮዋ። "አሳዘነችኛ!"

"ዓይን ጉንጭ ላይ ይበቅላል?"

"ታዲያ የት ላድርግላት? በሁለት ዓይኗ ይሳሏት፤ አለዚያ ከእንግዲህ እኔ ቤት አይለጠፍም።"

ቀልዷን አልነበረም። ቡሬ ከቀረ ወረቀቱ እጄ ላይ ይቀራል፤ ወረቀቱ ካልተሸጠ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በባዶ እጄ አያባዛልኝም። እመት አህያ ከነጋሪዋ መንገድ ላይ ልትቀር ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ "አንዲት ነጥብ ናት፤ ጨምረውላቸው ቢገላገሉስ?" አለኝ።

"ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበትን ፊት በአንዲት ነጥብ አላበላሽም" አልኩት። ቤቴ ገብቼ በሚቀጥለው እትም እመት አህያን ብቻ ሳይሆን ጅቡንም፣ ባልቴቷን ዶሮም፣ ጣሪያ ላይ ያለችውን እርግብ እንኳ ከጎን ሣልኳቸው። ባለ ሁለት ዓይን አንድም የለም።

ያንን ይዤ ቡሬ ሄድኩ። ጠላ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ እርሳሴን አወጣሁ። ሴትዮዋ ከጋኑ እየቀዳች ነበር፤ የበሩ ብርሃን በአንድ ጎኗ ወድቆባታል። ሻሿን፣ አፍንጫዋን፣ ስትቀዳ ነከስ የምታደርገውን ከንፈሯን ሣልኩ። ጋሪ ነጂው በትከሻዬ አሻግሮ አየና ሌሎቹን ጠራ። ስጨርስ ወረቀቱን ከፍ አደረግሁት።

"ይህች ማናት?"

"እሷ ናት!" አሉ።

"ስንት ዓይን አላት?"

ከሥዕሉ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ሥዕሉ አዩ።

"እና ሰይጣን ናት?"

"ጠላው ላይ ውሃ የምታበዛበት ቀን እንኳ ሰይጣን አላልናትም" አለ ጋሪ ነጂው፤ ቤቱ በሳቅ አውካካ።

እሷ አልሳቀችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችኝና ወደ ብርሃን አወጣችው። "አፍንጫዬ እንዲህ ነው?"

"እንዲህ ነው። አንቺ አይተሽው አታውቂም፣ እኔ አየሁት።"

"ሌላው ዓይኔስ?"

"ጋኑን እያየ ነው። ወዲያ ማዶ የተቀመጠ ሰው ያየዋል።"

ብዙ አየችው። "አዲሱን አምጡ እስቲ" አለችና የዱቄት ሙጫዋን ልታመጣ ገባች። ጥግ የነበሩ አንድ ሽማግሌ "ይህ ነገር ደግ አይደለም" ብለው ወጡ። አልለመንኳቸውም።

ከመጨረሻው ገጽ በቀር ሁሉንም ለጠፈች። እሱን እኔ ያዝኩት። ጋሪ ነጂው ግድግዳው ፊት ተገተረ። እመት አህያ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ጅቡ ከኋላዋ እየደረሰ ነው።

"ጋሼ፣ ይወጣላታል ጎማው?"

"ገዝተህ እይ" አልኩት።

ገዛ። የገዛኝ እሱ ብቻ አልነበረም።