ፊርማ ያልነበረው ካርቱን

ሰሞኑን ጉብሬ የሚያስተምር አንድ ወጣት የድሮ የወንዶች መጽሔት በላስቲክ ጠቅልሎ ቤቴ ድረስ መጣ። ካርቱኖቹ ፊርማ የላቸውም፤ ሠዓሊዎቹን እያፈላለገ ነው። ገና ስገልጠው የኮረሪማ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ወረቀቱ ይሽተት፣ እኔ ይምሰለኝ፣ እስካሁን አልለየሁም።

እናቴ ወልቂጤ ገበያ ቅመም ትሸጥ ነበር። ለመጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ወረቀት ከአዲስ አበባ በጆንያ ይመጣላታል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከጆንያው ውስጥ እንዲህ ያለ መጽሔት አገኘሁና ሹራቤ ሥር ደብቄ ለዴስክ ጓደኛዬ ወሰድኩላት። ቦርጫም ባል፣ አጭር ጉርድ የለበሰች ጸሐፊ፣ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያጮልቅ ዘበኛ። እየተንከተከትን ሳለ እሷ ድንገት ጣቷን አንዱ ሥዕል ላይ አሳረፈች።

«ጆሯቸውን እይው እስቲ።»

ሁሉም ጆሮ እንደ ስድስት ቁጥር ነበር የተሣለው። የሥዕል አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ሰው ሲሥሉ ጆሮውን ልክ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። ዝምተኛ፣ ኮታቸውን ጠመኔ የማይለየው ሰው ነበሩ። እኚህ ሰው ለካ የመጽሔት ሠዓሊ ናቸው! ኮራንባቸው። በየካርቱኑ ሥር ስማቸውን በእስክሪብቶ ጻፍንላቸው። ክብር መስሎን ነው፣ እመኑኝ።

መጽሔቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። የተቆጡ ወላጆችም መጡ። እኛም ተጠራን። አስተማሪያችን መስኮቱን ተደግፈው ቆመዋል፤ ብርሃኑ ከኋላቸው ስለነበር ፊታቸው አይታየኝም።

«የኔ አይደለም» አሉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

ዳይሬክተሩ ወደ እኛ ዞሩ። ጓደኛዬ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን መካዳቸው ትሕትና መሰለኝና፣ «ቲቸር ናቸው የሣሉት፤ ጆሮው ያስታውቃል» አልኩ።

በሳምንቱ አስተማሪያችን ወደ አገና ተዛወሩ። በሥዕል ክፍለ ጊዜያችን ሒሳብ ገባበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቡታጅራ መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ አየኋቸው። ሸብተዋል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሮጬ ደረስኩባቸው። ወዲያው አወቁኝ።

«የጆሮዋ ልጅ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ እጄን እንደያዙ፣ «ለመሆኑ ማን እንደሆነ ታወቀ?» አሉኝ።

«እርስዎ አልነበሩም እንዴ?»

«እኔማ ሥዕል የተማርኩት የሱን ካርቱኖች እየገለበጥኩ ነው። ስንት ዓመት ፈለግኩት መሰለሽ!»

ግራ ገባኝ። እውነታቸውን ነው? ወይስ ያኔ የካዱትን አሁንም መካዳቸው ነው? ፊታቸውን ትክ ብዬ አየሁት፤ ምንም አልነገረኝም። ረዳቱ «ወልቂጤ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል። ቦርሳዬን ተቀብለው ሚኒባሱ ውስጥ አስገቡልኝና በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «ካገኘሽው ንገሪኝ፣ እሺ?» አሉ።

«እሺ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልተገናኘንም።

ይቅርታውን አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ ሚኒባሱ ተራራውን ሽቅብ ሲያያዘው ነው። ዞሬ ብመለከት ቡታጅራ በጉም ተሸፍናለች።